ሚስማር ላይ የቀረው ከረባት

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። በእኔ ቤት በር የሚያንኳኳው ወይ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ ወይ ቤት የተሳሳተ ሰው ነው። ስለዚህ አልቸኮልኩም። ከፍቼ ሳይ የቆመው ናሆም ነው፤ ከግቢያችን ጫፍ ያሉት ጎረቤቶቼ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ፣ ቀጭን ረጅም ወጣት። በሁለት ጣቱ ሰማያዊ ከረባት አንጠልጥሏል፤ የሞተ እባብ ሊጥል የሚሄድ ነው የሚመስለው።

«ጋሼ፣ ከረባት ማሰር ይችላሉ አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«እማዬ። ስትዳር የአባዬን ያሰሩለት እርስዎ ነዎት አለችኝ። አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ እንደታሰረ አለ። ግን ያ በጣም ሰፊ ነው፣ ቄንጠኛ ሽማግሌ ያስመስለኛል።»

ሃያ አምስት ዓመት ያልተፈታ ቋጠሮ። ደስታዬን ለመደበቅ አሳልኩ። «ስልክህ ላይ አይገኝም እንዴ ይሄ ነገር?»

«አይቼ ሞከርኩ። ሰውየው ወደ ቀኝ ሲለኝ ወደ ግራ እየሄደብኝ፣ መጨረሻው የበግ ገመድ ሆነ።»

«የትኛውን አስተሳሰር ነው የምትፈልገው? አሥራ አንድ ዓይነት አውቃለሁ።»

ትንሽ አሰበ። «የማይፈታውን» አለኝ። «ሰኞ አንድ ቃለ መጠይቅ አለኝ፣ ረቡዕ ሌላ። ከዚያም በኋላ እንዳለ ቢቆይልኝ፤ ሁለተኛ እንዳላስቸግርዎት።»

ከረባቱን ተቀብዬ ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጣ ነገርኩት። ለማሰሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜም አስራለሁ። ነገር ግን በሩን ዘግቼ፣ ከረባቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስቀመጥ፣ «የማይፈታውን» ያላት ቃል ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ነበረ ሌላ ከረባት መለሰችኝ።

ማንም እንዳላስተማረኝ አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፎቶ ማንሳቱን፣ ፊልም ማጠቡን፣ ሰዓት መጠገኑን፣ ይህን የምታነቡትን አማርኛ ሳይቀር በራሴ ነው ያገኘሁት። ከረባት የተማርኩት ደግሞ ከሾላ ገበያ ምስር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከሰላሌ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አንድ ቀን ሩብ ኪሎ ምስር ገዝቼ ቤት ገባሁና ድስት ላይ ስገለብጠው፣ የተጠቀለለበት ወረቀት የቆየ የውጭ አገር መጽሔት ገጽ ሆኖ አገኘሁት።

ከላይ የጥንት ወንዶች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ረጅም ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ፣ ቶንሲል እንደያዘው ሰው አገጩን ሽቅብ ሰቅሏል። ሁለተኛው ከጉሮሮው ሥር ዳንቴል አንጠልጥሏል። ሦስተኛው ጥቁር ጥብጣብ እንደ ቢራቢሮ ቋጥሯል። ጨርቁ እየጠበበ፣ እየረዘመ ወርዶ መጨረሻ ላይ እኛ የምናውቀው ከረባት ይሆናል። ከሥር ደግሞ ቁጥር የተጻፈባቸው እጆች ከረባት ሲያስሩ ተስለዋል። ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አላስፈለገኝም፤ እጆቹን ተከተልኳቸው።

ፎቶ ቤቱ ትልቅ መስታወት ነበረው። ምሳ ሰዓት ላይ እፊቱ ቆሜ እለማመዳለሁ፤ አዲሶቹን በፎቶ ቤቱ ከረባት፣ የጥንቶቹን በነጠላዬ። አንድ ቀን ባለቤቱ ድንገት ገብቶ ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ጠምጥሜ አገኘኝ።

«ምነው፣ ጉሮሮህን ነው?»

«አይደለም ጋሼ። የዱሮ መኳንንት ሆኜ ነው።»

«በል መኳንንት፣ ወለሉን ጥረግ።»

በሁለት ወር ውስጥ ስምንት አስተሳሰር አወቅሁ። ስማቸውን ማንበብ ስላልቻልኩ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ትንሿ «ተማሪ» ናት፤ ወፍራሟና ግራ ቀኟ እኩል የሆነችው «ሚኒስትር»፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል የምትለው «ሞቅታ»።

ዘመኑ ለከረባት አይመችም ነበር። የሚከበረው ካኪ ነው። ከረባት አስሮ በመንገድ የሚሄድ ሰው «ቡርዧ» ይባላል፣ እንደ ጊዜውም ከዚያ የባሰ ስም ይሰጠዋል። ፎቶ ሲሆን ግን ሁሉም ይፈልገዋል። አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ከረባት ከባንኮኒው ሥር አስቀምጠን ነበር። የምናነሳው እስከ ደረት ድረስ ነው። አንድ የአብዮት ጥበቃ አባል መጥቶ፣ መጀመሪያ በሩን ራሱ ቆልፎ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ከረባቱን አጠለቀ፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪውን ቁልቁል ተመለከተና «ከወገብ በላይ ቡርዧ፣ ከወገብ በታች ጭሰኛ ሆኜ ቀረሁ» አለ። ሳቄን ለመያዝ ጨለማው ክፍል ውስጥ ገባሁ።

የዛሬ ልጆች የማያውቁትን አንድ ነገር ልናገር። ያኔ ከረባት አይፈታም ነበር። የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ያስረዋል። ባለቤቱ ሲያወልቅ ላላ ያደርገውና በራሱ ላይ አሳልፎ፣ እንደታሰረ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ሠርግ ሲመጣ ያጠልቀዋል፣ ሳብ ያደርገዋል፣ አለቀ። ጎረቤትም ሲዋስ እንደታሰረ ነው። ከተፈታማ ማን ያስረዋል? እኔ ስሜ ከተሰማ በኋላ ግን ከኮተቤም ከጉራራም እየመጡ ያሳስሩኝ ጀመር። አንድ ጊዜ እኔ ያሰርኩት አይላላም፣ አይዞርም። ስለዚህ ሁለተኛ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

እኖር የነበረው ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ቤት በደባልነት ነው። ሁለት ክፍል ናት። ከውጭ ሲገባ ያለችው የእሳቸው፣ ከኋላ ያለችው የእኔ። ሹራብ እየሠሩ ይሸጣሉ፤ በዚያ ብርድ ሹራብ ገዢ አያጣም። አርባ ዓመት አይሞላቸውም ነበር፣ አነጋገራቸው ግን የስድሳ ዓመት ሴት ነው፤ ቀስ ያለ፣ የተቆጠበ። እሑድ እሑድ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ሽሮ ከእንጦጦ ጎመን ጋር። ለሁለታችንም ከሳምንቱ ውስጥ ከሰው ጋር የምንበላባት ቀን እሷ ብቻ ነበረች።

በእሳቸው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ፣ አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከረባት እንደታሰረ ተሰቅሏል። የባለቤታቸው የጋሽ ከፍያለው ነው። መጀመሪያ በገባሁ ሰሞን «ባለቤትዎስ?» ብዬ ነበር።

«ክፍለ ሀገር ነው» አሉኝ።

እኔም አመንኩ። ከገጠር የመጣሁ ልጅ ነኝ፤ ክፍለ ሀገር ማለት ለእኔ ክፍለ ሀገር ነው። ያኔ ደግሞ ሰው ብዙ አይጠይቅም ነበር። እትዬ የሺ ግድግዳውን ሲጠርጉ በከረባቱ ዙሪያ ያለውን ይጠርጋሉ፣ እሱን ግን አይነኩም። የከበረ ዕቃ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ያስጨንቀኝ የነበረው ቋጠሮው ነው። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ የተንጋደደች ነገር ናት፤ ቀጭኑም ጫፍ ከኋላ ተገልብጦ ስፌቱን ያሳያል። ወደ ክፍሌ ስገባና ስወጣ ባየኋት ቁጥር፣ አናጢ የተጣመመ በር ሲያይ የሚሰማው ነገር ይሰማኝ ነበር።

የሕዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ሕዳር ሲታጠን እንደምታውቁት ሁሉም ቤቱን ጠርጎ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ያቃጥላል። ከማለዳ ጀምሮ ዳገቱ በሙሉ በጭስ ተሞልቷል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌን፣ የበቆሎ አገዳ ይሸታል። እትዬ የሺ የካ ሚካኤልን ሊያነግሡ ሄደዋል። እኔ ግቢውን ጠረግሁ፣ ቆሻሻውን አቃጠልኩ። እጄ ሥራ ሲፈታ ዓይኔ ከረባቱ ላይ አረፈ። ዛሬ የጽዳት ቀን አይደለም ወይ? ጋሽ ከፍያለው ከክፍለ ሀገር ሲመለሱ በወግ የታሰረ ከረባት ቢያገኙ ምን ይላሉ? እትዬ የሺስ ምን ያህል ይደሰታሉ?

አወረድኩት። አቧራውን አራገፍኩ። ቋጠሮውን ለመፍታት ጥፍሬን መጠቀም ነበረብኝ፤ ደርቆ ነበር። ሲፈታ ጨርቁ ሁለት ዓይነት ቀለም ሆኖ ታየኝ፤ እዚህ ደማቅ፣ እዚያ የደበዘዘ። የከሰል ካውያውን አሙቄ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቤ፣ መጨማደዱ እስኪጠፋ ተኮስኩት። ከዚያ «ሚኒስትር»ን አሰርኩበት። እንደዚያች ያለች ሚኒስትር በሕይወቴ ደግሜ ያሰርኩ አይመስለኝም። ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቅዬ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

ነጭ ለብሰው፣ በመሐረብ ዳቦ ቋጥረውልኝ መጡ። ዳቦውን ሰጡኝና ገቡ። ተከትዬ ገባሁ፤ ፊታቸውን ማየት ፈልጌ ነበር።

«ደምሴ» አሉኝ ግድግዳውን እያዩ። «ምን አደረግህ?»

«አሰርኩልዎ። ጋሽ ከፍያለው ሲመጡ ይደነቃሉ። ይቺ ሚኒስትር ነው የምትባለው፤ በዚህ ሰፈር ከእኔ ሌላ እሷን የሚያስር...»

«ፈታኸው?»

«ሳይፈታማ እንዴት ይታሰራል እትዬ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አላወለቁም። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ ሳይዞሩ ነገሩኝ።

«ጠዋት ለቢሮ ሲለብስ ነው የመጡት። ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ ከረባትና ቀበቶ አያስፈልግህም አሉት። ላላ አድርጎ በራሱ ላይ አወጣውና እዚያ ሰቀለው። አትፍቺው፣ ስመለስ ቸኩዬ ልሆን እችላለሁ አለኝ። ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩ። ስንቅ ይዤ ያልሄድኩበት እስር ቤት የለም። በየሄድኩበት እዚህ የለም ይሉኛል። እዚህ የለም ማለት ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ውስጡ የእሱ እጅ ነበረ።»

«እንደነበረው አድርጌ አስረዋለሁ» አልኩ።

«እንዴት እንደነበረ ታውቃለህ?»

«ልውሰደውና ልሞክር» አልኩ።

«ውሰደው። ከእንግዲህ ጨርቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልተቆጡኝም፣ ውጣልኝም አላሉኝም። እሑድ ምሳዬን በሰሃን ከድነው ክፍሌ ደጃፍ ላይ አስቀመጡልኝ። ብቻዬን በላሁ። ከግድግዳው ወዲያ የሹራብ መሥሪያ ብረቶቻቸው ሲጋጩ ይሰማኛል፤ ድሮ ከብረቶቹ ጋር የምትሰማዋ ትንሽ እንጉርጉሮ ግን የለችም። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ፎቶ ቤት ወስጄ የማውቃቸውን ስምንቱንም ሞከርኩ። የቋጠሮውን መልክ አስታውሳለሁ፣ መንገዱን ግን አላውቅም። ጨርቁ ላይ የነበረው መጨማደድ ቢኖር ይመራኝ ነበር፤ እሱን በገዛ እጄ በካውያ አጥፍቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ፊት ቆሜ ሳለ ነው የቀለሙ ነገር የገባኝ። የመስኮቱ ፀሐይ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር በየጠዋቱ ከረባቱ ላይ ሲያርፍ ኖሯል። ፀሐይ ያገኘው ደብዝዟል። ቋጠሮው ውስጥ የተሸሸገው ደግሞ እንደ አዲስ ደማቅ ነው። እንግዲያው ጋሽ ከፍያለው ያሰሩበት መንገድ፣ ደማቁ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ የደበዘዘው ብቻ ውጭ የሚቀርበት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ይህን የሚያስብ ከመካከላቸው ይገኛል ብዬ አላምንም።

ማሰብ አንድ ነገር ነው፣ ማሰር ሌላ። በስምንቱም አስተሳሰር አንድ ደማቅ ቁራጭ የሆነ ቦታ ላይ ብቅ ይልብኛል። በሚቀጥለው እሑድ ምሳዬን ደጃፌ ላይ ከማግኘት ብዬ በጠዋት ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ቆሎ በኪሴ፣ ከረባቱ በእጄ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ከመንገድ ገባ ብሎ ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ እንደ ሰው አንገት የወፈረ የአጥር ቋሚ አገኘሁ። ከረባቱን እሱ ላይ እያሰርኩ እፈታለሁ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ቆመው አዩኝ።

«አንቺ፣ እንጨቱ ሊሞሸር ነው እንዴ?» አለች አንደኛዋ።

«ሚዜው ይሄ ከሆነስ ሙሽራዋ ትቅርበት» አለች ሌላዋ። ሸክማቸው እስኪነቃነቅ እየሳቁ ወረዱ።

ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ ነው ነፋስ ቋሚው ላይ ያንጠለጠልኩትን ከረባት ገልብጦ ስፌቱን ወደ ውጭ ያዞረው። ያ ከኋላ ተገልብጦ ይታይ የነበረ ቀጭን ጫፍ ትዝ አለኝ። ጋሽ ከፍያለው ከረባቱን ገልብጠው ነው የሚጀምሩት። እንዲህ ያለ ነገር ወረቀቴ ላይ አልነበረም። ተገልብጦ እንዳለ አንድ ዙር አዞርኩ፣ ወደ ላይ አወጣሁ፣ አሳለፍኩ፣ ሳብኩ። ደማቁ ቀለም በሙሉ ገባ። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ የተንጋደደች ቋጠሮ፣ ሁሉ ነገሯ የደበዘዘ።

ዘወር ብዬ አየሁ። የምነግረው ሰው አልነበረም። ከታች የካ በሙሉ ይታያል፤ ቆርቆሮው ሁሉ ያብረቀርቃል፤ ከእነዚያ ጣሪያዎች ሥር ይህን ነገር ሊረዱልኝ የሚችሉት አንዲት ሴት ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ አያናግሩኝም።

ስደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። እጄን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ብረቶቹን አስቀመጡ። ከረባቱን አገላበጡት። ከቋጠሮው ሥር ባለችው ጎድጓዳ ትንሽ ጣታቸውን አስገብተው ቆዩ።

«የእሱን ይመስላል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። «ብልህ ልጅ ነህ ደምሴ።»

ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ምን ያህል ዓመት እንደተመኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እንደተናገሩት ግን ከዚያ ክፍል መውጣት አማረኝ።

«ግን አሁን ያሰርከው አንተ ነህ» አሉ። ተነስተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ስነሳ ሚስማሩ ባዶ ነበር። እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰዋል።

ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ለቅሶ መቀመጥ የማይቻልበት ጊዜ ነው። ድንኳን የለም፣ እድር የለም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «አገር ቤት አጎቴ ሞተው ነው» ይላሉ፤ ጎረቤትም «ነፍስ ይማር» ብሎ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። ቤታቸው ገብቶ የተቀመጠ ለቀስተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሥራ አስፈቅጄ ሦስት ቀን አጠገባቸው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው መሞታቸውን ማንም አልነገራቸውም፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ በአንድ የከሰል ካውያ። በሦስተኛው ቀን ይህን ያሰብኩትን የሰሙ ይመስል «አትዘን» አሉኝ። «አንድ ቀን ሰው ይፈታው ነበር።»

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደብረ ብርሃን ወዳሉት እህታቸው ሄዱ። ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ሰጠው፣ እኔም ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ከረባቱን ይዘውት ሄደዋል፤ እንደታሰረ ይሁን ተፈትቶ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ዘጠነኛዋን አስተሳሰር ለማንም አስሬ አላውቅም፣ ስምም አላወጣሁላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ተጨማሪ ተማርኩ፤ አሁንም በራሴ። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሚዜ፣ ስንት ተመራቂ በእጄ አልፏል። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ መጥተዋል። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጆቼ አያትና ሰሚት ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ በበዓል ይመጣሉ፣ በመሀሉ ይደውላሉ። መገናኛ ባሉት ሱቆች ዚፕ ያለው ከረባት ይሸጣል፤ ቋጠሮው ከፋብሪካ ታስሮ ይመጣል፣ ሕፃን ልጅም ያጠልቀዋል። አንድ ጊዜ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ቋጠሮው መጥፎ አይደለም ማለት አለብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ናሆም መጣ። የራሴ አንገት ላይ አሰርኩለት፣ ላላ አድርጌ አውልቄ ሰጠሁት። መስታወት ፊት ቆሞ ሳብ አደረገውና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ሚኒስትር ያስመስላል።»

«ስሟም እሱ ነው» አልኩት። «ምናልባት ከተፈታብህ አምጣት።»

«እርስዎ ያሰሩት ይፈታል እንዴ?»

«አርጅቻለሁ እኮ።»

ውሸቴን ነው። እጄ እንደ ድሮው ነው፤ ብፈልግ ልጁን እስኪድር የምትቆይ ቋጠሮ ባሰርኩለት። ነገር ግን የሰፊውን ጫፍ አንድ ዙር ቀነስኩበት። ልጁን የሚያሳፍር ነገር አላደረግሁም፤ አንገቱ ላይ እስካለች ድረስ አትነቃነቅም። ላላ አድርጎ በራሱ ላይ ሲያወልቃት ነው የምትከዳው፤ ሰኞ ሳይሆን ረቡዕ። ስንት ጊዜ እንደምትችል በራሴ ከረባት ሞክሬ አይቻለሁ።

ሰኞ አንድ ጊዜ አውልቋታል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት በመስኮት ሳየው ቀጥ ብላ፣ አምራ ወጥታለች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል። በሩን አልቆለፍኩትም።